ካሜራ ያየው ግድግዳ

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከተማው አልቆ ጫካው በሚጀምርበት ዳርቻ ያለው ባለ ሰገነት የመኳንንት ቤት፣ ዞር ብሎ የሚያየው ሳያገኝ ይከርምና የፊልም ቀራጮች ጀነሬተር በሩ ላይ ባጓራ ዕለት ድንገት «ቅርሳችን» ይባላል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አዳራሹ በኮምፔርሳቶ ተከፋፍሎ ለየአባወራው ስለታደለ፣ ጌታው ግብር ያበሉበት በነበረው ወለል ላይ ዛሬ በአንዱ ጥግ ሽንኩርት ይቁላላል፣ በሌላው ጥግ ለማትሪክ ይጠናል።

ቀረጻው ሲጀመር የሚፈለገው ከዐድዋ በፊት ያለው ዘመን ነውና የተሰጣው ልብስ፣ ዲሹና የውሃ በርሜሉ ሁሉ «ይነሣ!» ይባላል። ባሕር ዛፉን ግን የሚነካው የለም። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ይህ ዛፍ ገና በተራራው ላይ አልተንሰራፋም ነበር፤ በብዛት የተተከለው በኋላ፣ አካባቢው ማገዶ ሲያጣ ነው። ስለዚህ ለታሪክ ታማኝ ነኝ የሚል ዳይሬክተር ከዲሹ አስቀድሞ ጫካውን ማስነሣት ነበረበት።

በእልፍኙ ውስጥ ልጅ ወልደው የዳሩት እናት፣ ሰው ስለጎደለ «እማማ፣ የገረድ ቀሚስ ይልበሱልንና እግር ያጥቡ» ቢባሉ፣ «የኔ ልጅ፣ ኪራዩን የምከፍል እኔ፣ ገረዷም እኔ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ለግማሽ ቀን ጋሻ ጃግሬ ሆኖ የዋለው ጎረቤታቸው በአንጻሩ ካባውን ካስረከበ በኋላም ሰላምታ የሚሰጠው በአገጩ ብቻ ነው።

ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ተከራይ ያለ ፈቃድ ሚስማር እንኳ አይመታበትም (ዝናቡ ግን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይገባል)። ቀራጮቹ በመጡ ጊዜ ግን ካሜራው የሚያየው የፊት ግድግዳ በአንድ ሌሊት ተመርጎ ኖራ ሲቀባ፣ የሰገነቱ ደረጃም አዲስ ሳንቃ ሲመታለት «ማን ፈቀደ?» ያለ ሹም አልነበረም። ካሜራው ያልዞረበት የጓሮው ጭቃ ዛሬም ማገሩ እንደገጠጠ ነው። ነዋሪዎቹም በዕድራቸው ተሰብስበው ለሚቀጥለው ዳይሬክተር አቤቱታ አዘጋጅተዋል፤ ታሪኩ የየትኛውም ንጉሥ ቢሆን ግድ እንደሌላቸው ገልጸው፣ ጦርነቱ በጓሮ በኩል እንዲደረግና ቢቻል አንዱ ወታደር ጣሪያው ላይ ወጥቶ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ እየመታ እንዲዋጋ በትሕትና ይጠይቃሉ።