ዘይቱ ረጋ ብላችሁ አታሳቁኝ

እሺ ዛሬ ይውጣልኝ። ጠዋት ለልጆቹ እንቁላል ልጠብስ የፓልም ዘይቱን ጀሪካን ባዘቀዝቀው ባዘቀዝቀው ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ሐምሌ ነዋ፣ ዘይቱ እንደ ሻማ ግግር ብሏል። እንደ ልማዴ ሙቅ ውሃ ሳፋ ውስጥ አቁሜው ስጠብቅ ጎረቤቴ ለቡና ብቅ አለችና "ውይ አሁንም ይሄን መርዝ ነው የምትበዪው? ልብሽም ላይ እንዲሁ ነው የሚረጋው" አትለኝም! ግማሽ ቀን ሸማች ተሰልፌ ያመጣሁትን ዘይት!

ስሙኝማ፣ ፓልም ጤናማ ነው እያልኩ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት የሚሉት ቶሎ የሚረጋው ስብ ነው፣ የሱፉ ግን አንድ አስረኛው ገደማ ብቻ ነው፣ ሲበዛ መጥፎውን ኮሌስትሮል እንደሚጨምር እኔም አውቃለሁ። ግን ሆድ ገብቶ ይፈጫል እንጂ እንዳለ ደም ስር ውስጥ ገብቶ አይጋገርም። መርጋት ከሆነ ደግሞ ቅቤስ? ቅቤ ከፓልም የባሰ ሳቹሬትድ ነው እኮ! ይቺው ጎረቤቴ ለፋሲካ ዶሮው ላይ ቅቤውን በጭልፋ ስትገለብጠው አይቻለሁ፣ ያኔ ልብ የሚባል ነገር ትዝ አላላትም።

እሷ የምትገዛው ደሞ የማይረጋ ነው አሉ። ያልረጋ ሁሉ ሱፍ መሰላት፣ ፓልምም እኮ ተጣርቶ ፈሳሹ ለብቻው ይሸጣል። ጠርሙሱ ላይ ቀይ ልብ ተስሎ "ኮሌስትሮል ፍሪ" ይላል፣ በእሱ ነው የምትኮራብኝ። ድሮስ የተክል ዘይት ምን ኮሌስትሮል አለው? ሽሮ ላይ "አጥንት የለውም" ብሎ እንደመለጠፍ እኮ ነው። እሱንም ሳምቡሳ ጠብሳበት አጥልላ ትመልሰዋለች፣ ነገ ድንች፣ ከነገ ወዲያ አሳ፣ ቡና እስኪመስል። ይሄ ጤና ነው እንግዲህ!

በ2014 የዩክሬን ጦርነት ሱፉን አስወድዶ፣ ኢንዶኔዥያም ፓልሟን ለሦስት ሳምንት ገደማ ወደ ውጭ አልልክም ስትል ጊዜ "ይረጋል?" ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም፣ ጥያቄው "ይገኛል?" ነበር። አሁንም ቢሆን ሱፍ እንዳልገዛ የያዘኝ እውቀት አይደለም፣ ዋጋው ነው። ኑጉንማ ተዉት፣ ሳልጠይቅ ነው የማልፈው። እኔ የምችለው መቀነስ ነው፣ ወጡ ላይ በሾርባ ማንኪያ እየለካሁ ነው የምጨምረው፣ ባለቤቴ "የህመምተኛ ወጥ" እያለ ይነጫነጫል።

ለማንኛውም ዘይቱ ቀለጠልኝ፣ እንቁላሉን በቃሪያ ጠበስኩት። ሽታው ሲደርሳት "እስቲ አንድ ጊዜ አጉርሺኝ" አለች።