ሽምግልና ክሬዲት አያጸዳም

አንዲት ወዳጄ ጥር ላይ ሦስት ፖስታ በፌስታል ይዛ ቤቴ መጣች። አንዱም አልተከፈተም። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሷ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን ትተኛለች። የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ማስታወቂያ ይመስላት ነበር።

«ወንድሜ፣ እስቲ ምን እንደሚሉ እይልኝ» አለችኝ። ቡና ቀድቼላት ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ከዕዳ ሰብሳቢ ነው፤ በአንድ የቤት ዕቃ መደብር ካርድ 2,340 ዶላር አለብሽ ይላል። ሁለተኛው ያልተከፈለ የስልክ ሂሳብ ነው፣ የአራት መስመር። ሦስተኛው ስሙን ሰምታ ከማታውቀው ባንክ የወጣ፣ እስከ ጣሪያው የተበላ ክሬዲት ካርድ። ይቺ ሴት በሕይወቷ ያወጣችው ካርድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም በየወሩ አጠናቃ ነው የምትከፍለው።

ደብዳቤው ላይ ያለውን የድሮ አድራሻ አሳየኋት። አሜሪካ እንደገባች የተቀመጠችበት አፓርታማ ነው። ቁጥሩን በጣቷ ነካችው፣ ደግማ ነካችው፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «የአጎቴ ልጅ ነው» አለች። ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ይህን የምጽፈው አስፈቅጃት ነው። የሷንም የሱንም ስም አልጠራም። የምጽፈውም እሷ ከዚያ በኋላ ባጠፋቻቸው ሰባት ወራት ምክንያት ነው።

ስለ ማንነት ስርቆት ሲወራ ሁላችንም የሚታየን ከሩቅ ሆኖ ኮምፒውተር የሚሰብር ሰው ነው። እሱም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩዊፋክስ የተባለው የክሬዲት ድርጅት፣ የሰውን የብድርና የክፍያ ታሪክ የሚመዘግበው፣ ሲዘረፍ የ147 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጥቷል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለሰው የሚሰጠው መለያ ቁጥር)፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ ሳይቀር። ያኔ እዚህ አገር ክሬዲት የነበራችሁ ሰዎች ቁጥራችሁ አንድ ቦታ ተቀምጦ ገዢ እየጠበቀ ነው ብላችሁ ብታስቡ አልተጋነነም። ግን እኛ ሰፈር እኔ በዓይኔ ያየኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ ከቤት የወጡ ናቸው። አብሮ የኖረ፣ ከኤርፖርት የተቀበለ፣ ፎርም የሞላ፣ ታክስ የሠራ ሰው ነው።

አመጣጡን አስቡት። ሰው በዲቪ ሲመጣ የሶሻል ካርዱ የሚላከው የቪዛ ፎርም ላይ ባስገባው የአሜሪካ አድራሻ ነው። አድራሻው የተቀባዩ ዘመድ ነው። ፖስታውን የሚከፍተው ዘመድ፣ የባንክ ሂሳብ የሚያስከፍተው ዘመድ፣ መንጃ ፈቃድ የሚያስወጣው ዘመድ። አዲስ የመጣው ሰው ደግሞ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እንኳን አያውቅም። ዘጠኝ አሃዝ ነው፣ አለቀ። እኛ አገር ሰው የሚታመነው በዋስ ነው፣ በሚያውቀው ሰው ነው፣ «የእገሌ ልጅ» ተብሎ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን። እዚህ ስምህን ተሸክሞ የሚዞረው ያ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው አንተን ሆኖ ሶፋ ይገዛል።

ወዳጄን ዛሬውኑ ሪፖርት አድርጊ አልኳት። አላደረገችም። ወደ ሽማግሌዎች ሄደች።

አልፈርድባትም። አባቴ ሽማግሌ ነበር፣ የስንቱን ቤት ከመፍረስ እንዳዳነ ስላየሁ ሽምግልናን የማከብረው ከልቤ ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ የአጎቷ ልጅ አለቀሰ፣ አመነ። ሥራ ባጣ ጊዜ እንዳደረገው ተናገረ። በየወሩ 300 ዶላር እከፍላለሁ አለ። ተቃቀፉ። ሁለት ወር ከፈለ፣ ከዚያ ስልኩን ማንሳት ተወ።

በዚህ መሃል ዕዳው ከአንዱ ሰብሳቢ ወደ ሌላው ተሸጠ። ስኮሯ፣ ማለትም የክሬዲት ነጥቧ፣ ወረደ። ሰኔ ላይ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰፋ ያለ አፓርታማ ልትከራይ አመለከተች፤ ክሬዲቷ ታይቶ አይሆንም ተባለች። ነሐሴ ላይ አንድ ቅዳሜ እንደገና እኔ ቤት መጣች። ያን ፌስታል እንደያዘች ነው፣ ግን አሁን ፖስታው አሥራ አንድ ሆኗል።

ሽማግሌዎቹ ያስታረቁት ሁለት ሰዎችን ነው። ኢኩዊፋክስን፣ ኤክስፒሪያንን፣ ትራንስዩኒየንን የሚያስታርቅ ሽማግሌ የለም። እነዚህ ሦስት የክሬዲት ድርጅቶች የሚያውቁት ወረቀት ነው፤ የመጥፎ ሂሳብ ወሬ ፋይላችሁ ላይ ሰባት ዓመት ይቀመጣል፣ ልጁ ንስሐ ቢገባም ባይገባም። በስርቆት የመጣ ዕዳ ላይ ትንሽ ትንሽ እየከፈሉ ማስታገሥ ደግሞ ይብሳል፤ የከፈለ ሰው ዕዳው የኔ ነው ያለ ይመስላል። ያልበላችሁትን አትክፈሉ።

በዚያው ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብለን የሠራነውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ጎቭ የሚባል ድረ ገጽ አለው። የሆነውን ጠይቆ ጠይቆ በመጨረሻ ሪፖርት ያወጣል፣ የምትልኩትንም ደብዳቤ አብሮ ያዘጋጃል። ያ ሪፖርት ተራ ወረቀት እንዳይመስላችሁ። ከመታወቂያችሁ ጋር አያይዛችሁ፣ የትኞቹ ሂሳቦች የናንተ እንዳልሆኑ ጽፋችሁ ለሦስቱ ድርጅቶች ስትልኩ፣ በደረሳቸው በአራት የሥራ ቀን ውስጥ እነዚያን ሂሳቦች ከፋይላችሁ እንዲያግዱ የፌዴራል ሕግ ያስገድዳቸዋል። «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ ዝም ብሎ መከራከር ግን 30 ቀን ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜም «አጣርተናል፣ ትክክል ነው» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ሰው ይህን ልዩነት ባለማወቁ ወር ከወር ያቃጥላል። እጅግ ያናድደኛል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መብትም አለ። በስማችሁ ሂሳብ የከፈተውን ድርጅት የማመልከቻውን ቅጂ ስጡኝ ማለት ትችላላችሁ። በጽሑፍ፣ ሪፖርቱንና መታወቂያችሁን አያይዛችሁ ነው፤ በ30 ቀን ውስጥ በነጻ መስጠት አለባቸው። የቤት ዕቃው መደብር ላከላት። ሶሻሏ ትክክል፣ የልደት ቀኗ ትክክል። ስልክ ቁጥሩ የሱ ነው። ስሟ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ተገድፏል፤ እሷ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ሁልጊዜ የምታስገባትን ፊደል እሱ አላስገባትም። ያቺን ወረቀት ይዛ «አየህ፣ ስሜን እንኳን አያውቀውም» ያለችኝ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

የስማችን ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የአባታችን ስም እዚህ የቤተሰብ ስም ይሆናል፣ አንዳንዱ ፓስፖርቱ ላይ አያቱ ገብተው የአያቱን ይይዛል፣ አንዱን ስም በአራት ዓይነት ፊደል እንጽፈዋለን። ስለዚህ በራሳችሁ የክሬዲት ሪፖርት ላይ የማታውቁት ሂሳብ ስታዩ ወዲያው ተሰረቅሁ አትበሉ። የሌላ ሞክሼ ሰው ፋይል ከናንተ ጋር ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል። ያ የድርጅቶቹ ስህተት ነው፣ መንገዱም ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ የሚያገለግለው ተራው ክርክር ነው። ለማወቅ ሪፖርቱን ማየት ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ከሦስቱም በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል። ካርድ ቁጥር አይጠይቃችሁም፤ የሚጠይቃችሁ ካለ የገባችሁት ሌላ ቦታ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሪዝ። ክሬዲታችሁን መቆለፍ ማለት ነው። ከተቆለፈ ባንኩ ፋይላችሁን ማየት አይችልም፣ ሳያይ ደግሞ በስማችሁ አዲስ ካርድ አይሰጥም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ወዲህ በፌዴራል ሕግ ነጻ ነው። በኢንተርኔት ወይም በስልክ ከጠየቃችሁ በአንድ የሥራ ቀን ይቆልፋሉ፤ መኪና ልትገዙ ስትፈልጉ ደግሞ ክፈቱልኝ ስትሉ በአንድ ሰዓት። ስኮር አይነካም። ሦስቱም ጋ ለየብቻ ነው የሚደረገው፤ አንዱን ቆልፎ ሁለቱን መተው ዋጋ የለውም። በወር ክፍያ «እንጠብቅሃለን» የሚሉ አገልግሎቶች ሌባው ከገባ በኋላ ነው የሚነግሯችሁ። እኔ ገንዘቤን አልሰጣቸውም፣ ቁልፉ በነጻ እያለ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ወዳጄን ሰባት ወር ያስቆማት አለማወቅ ብቻ አይደለም። ልጁ ዜጋ አይደለም። «ግሪን ካርዱን ቢነጥቁት፣ ቢመልሱት፣ አጎቴን በምን ዓይኔ አያለሁ?» አለችኝ። ይህ ተራ ይሉኝታ አይደለም፤ ዜጋ ላልሆነ ሰው በማጭበርበር ወንጀል መፈረድ በእርግጥም ወረቀቱን ሊያሳጣው ይችላል። ስለዚህ ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፣ የሚስቅባት ካለ አላወቀም።

ግን እንዲህ አልኳት። ንግድ ኮሚሽኑ ሰው አያስርም፣ የግለሰብ ክስም አይከፍትም። ሪፖርቱ የሚጠይቅሽ እውነቱን ነው፤ እውነቱን ተናገሪ፣ አትጨምሪ፣ አትደብቂ፣ ውሸት መጻፍ ወንጀል ነው። ፖሊስ ጋ መሄድ ካስፈለገም ክስ መመሥረት አለመመሥረቱ በዐቃቤ ሕግ እጅ ነው። ይቅር ልትዪው ትችያለሽ። ይቅርታሽ ግን የሁለት ልጆችሽን ቤት አይከራይም። እሱ ቁጥርሽን ሲጽፍ የአጎትሽን ፊት አላሰበም፣ ያን ሸክም አንቺ ለምን ትሸከሚያለሽ? ይህን ስናገራት እኔም ቀላል አልነበረልኝም፤ አጎቷን አውቃቸዋለሁ።

ቋንቋ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታቸው ነው። ማፈር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ከስርቆት ጋር አታምታቱ። «ክሬዲቴ አልደረሰም፣ በስምህ ስልክ አውጣልኝ»፣ «መኪናውን በስምሽ ፈርሚልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ» የሚባለው ነገር። እሺ ብላችሁ ከፈረማችሁ ዕዳው የናንተ ነው። ኋላ ሲከዳችሁ ተሰረቅሁ ብላችሁ ብትሉ አይሠራም። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ዓመት ሙሉ የተኳረፍኩት ጓደኛ አለኝ።

የታክስ ሰሞንም እንዲሁ ነው። የሶሻል ካርዳችንን ፎቶ አንስተን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ለሚሠራልን ሰው እንልካለን። ሰውየው ጨዋ ቢሆን እንኳን ስልኩ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። በአካል ወስዳችሁ አሳዩ። ከአይአርኤስ፣ ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት፣ ደግሞ ስድስት አሃዝ ያለው፣ በየዓመቱ የሚቀየር የምስጢር ቁጥር በነጻ ማግኘት ይቻላል፤ ያለዚያ ቁጥር በስማችሁ ሌላ ሰው በኢንተርኔት ታክስ ሊያስገባ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለፈለገ ሁሉ ክፍት ነው።

የወዳጄ ሂሳቦች ሁለቱ ከሦስቱም ፋይል ወጥተዋል። የስልኩ ዕዳ አንዱ ድርጅት ጋ ቀርቷል፣ ደብዳቤ ላይ ነን። ልጁ ሌላ ስቴት ሄዷል፤ አጎቷ ደውለው ነበር፣ ምን እንዳሉ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ያለፈው እሑድ ደግሞ የትንሿ ልጇን የልደት ሰርተፍኬት ይዛ መጣች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ያኔ አብረው ሲኖሩ የሷም ካርድ የደረሰው በዚያው የፖስታ ሳጥን ነው። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ በነጻ ማስቆለፍ ይችላል፣ ለልጅ ግን ብዙውን ጊዜ በፖስታ ነው የሚላከው። ሦስት ኮፒ አነሳን፣ ሦስት ፖስታ ጻፍን። ቴምብር አልነበረኝም፤ ከሥራ ስትወጣ ገዝታ እንደምትልከው ነግራኝ ፖስታዎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።