ልክ ያልሆነው ልብስ በማን ኪሳራ ይመለሳል?

በለንደን ከተማ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የተነሣ ብዙዎቻችን በምናውቀው በካሌዶኒያን ሮድም ሆነ በሌላ በማንኛውም የገበያ መንገድ ላይ፣ አንድ ሁለት ቻሪቲ ሾፕ አይጠፋም። ሰው የጠበበውን፣ የሰፋውን ወይም የሰለቸውን ልብስ በነፃ ይሰጣል፤ ሱቁ በእንፋሎት ተኩሶና ዋጋ አንጠልጥሎ ይሸጠዋል፤ ገቢው ለካንሰር ምርምር፣ ለልብ ሕሙማን፣ ለቤት አልባዎች ወይም በሩቅ አገር ለተራቡ ሰዎች ይውላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአገር ቤት በቅርቡ የመጣን ሰው የሚያስገርመው ግን በአምስት ፓውንድ የተገዛ አሮጌ ሱሪ «ወገቡ አልሆነኝም» ተብሎ ተመልሶ ሲመጣና ገንዘቡ ያለ ክርክር ሲመለስ ማየቱ ነው።

አንድ ቀን ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩ አዛውንት እንግሊዛዊ ግራጫ ኮት ከላስቲክ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጸጉሯ የሸበተ በጎ ፈቃደኛ ስትሆን፣ ከሁሉ አስቀድማ ያየችው ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት የተንጠለጠለበት የላስቲክ ክር አለመቆረጡን ነው፤ ቀጥላ ብብቱን ገልበጥ አድርጋ ተመለከተች፤ ከዚያም ደረሰኙን ተቀብላ ቀኑን አነበበች። «ትከሻው ያዘኝ» አሉ አዛውንቱ፣ ማንም ምክንያት ሳይጠይቃቸው። ስምንቱ ፓውንድ ወደ ባንክ ካርዳቸው ተመለሰ፤ እሳቸውም ከሱቁ ሳይወጡ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ኮት ፍለጋ ወደ መስቀያው አመሩ።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየ ወገናችን ወዲያው የሚሰጠው አስተያየት ይታወቃል። «ሕዝቡ የሠለጠነ ነው፤ የእኛ አገር ነጋዴ ቢሆን አንቆ ይይዝህ ነበር» ይላል። ይህ አባባል እኔን አይዋጥልኝም። በእኔ ግምት አንድ ልብስ ተመላሽ መሆን አለመሆኑ የሚወሰነው ልብሱ ሲመለስ ኪሳራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ በማየት ነው፤ የሻጩ ደግነትና የገዢው ሥልጣኔ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ነገሮች ናቸው።

የለንደኑን ሱቅ ሒሳብ እንመልከት። የሚሸጠው ልብስ በነፃ የተሰጠ ስለሆነ የመግዣ ዋጋ የለበትም። ሻጮቹ በአብዛኛው ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በእርዳታ የተሰጠ ዕቃ ሲሸጥ ገዢው የሚከፍለው ተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ነው፤ በእንግሊዝ አገር የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለሱቃቸው ከሚከፍሉት የንግድ ቤት ግብርም 80 በመቶው በሕግ ይቀነስላቸዋል። ልብሱን የሰጠው ሰው ግብር ከፋይ ከሆነና ቅጹን ከፈረመ ደግሞ፣ ድርጅቱ ከሽያጩ በሚገኘው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ያገኛል። እንዲህ ከሁሉም አቅጣጫ የተደገፈ ሱቅ አንድ ኮት ቢመለስለት የሚያጣው ነገር ቢኖር የዚያ አንድ ኮት ሽያጭ ነው፤ ኮቱ ያው ተመልሶ ይሰቀላል፤ ከሻጭዋም ኪስ የሚወጣ ሳንቲም የለም። በኦክስፎርድ ከተማ ብሮድ ስትሪት ላይ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ የተከፈተው የኦክስፋም ሱቅ ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን፣ ይህ የቻሪቲ ሾፕ አሠራር ዛሬ አገሩን አዳርሷል። ድርጅቱ በ1942 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በጦርነቱ ወቅት በረሃብ ለተያዘችው ግሪክ እህል ለማድረስ ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በእኛም አገር እርዳታ ካደረሱት አንዱ እንደነበረ ዕድሜው የሚፈቅድለት ሁሉ ያስታውሳል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ከሱቅ ገብቶ የተገዛ ልብስ ልክ ስላልሆነ ብቻ ሻጩ ገንዘብ እንዲመልስ የሚያስገድድ ሕግ በብሪታኒያ የለም። የ2015ቱ (እ.ኤ.አ.) የሸማቾች መብት ሕግ ገዢው በ30 ቀናት ውስጥ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲቀበል የሚፈቅድለት፣ ዕቃው ጉድለት ያለበት ወይም እንደተባለው ያልሆነ እንደሆነ ነው፤ አሮጌ ልብስም በዚህ ይሸፈናል፣ ዋጋውና ዕድሜው ግምት ውስጥ ቢገባም። ያለ ምክንያት የመመለስ መብት ያለው በኢንተርኔት የገዛ ሰው ሲሆን፣ እርሱም ዕቃው ከደረሰው ቀን አንሥቶ 14 ቀናት ይሰጠዋል። የአዛውንቱ ስምንት ፓውንድ የተመለሰው ሱቁ ራሱ ባወጣው ደንብ ነው ማለት ነው። ደንቡም ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ አንዱ ገንዘብ ይመልሳል፣ ሌላው ልውውጥ ብቻ ይፈቅዳል፣ ሌላው በዋጋው መጠን ሌላ ዕቃ እንድትወስድ ኩፖን ይሰጥሃል። ከኮሮና ወረርሽኝ በኋላ የመለኪያ ክፍላቸውን ዘግተው ዕቃ ማከማቻ ያደረጉ ሱቆች በመኖራቸው፣ እነዚህ ገዢው ቤቱ ወስዶ እንዲለካ ቢፈቅዱ የሚያስመሰግናቸው አይመስለኝም።

ያ ያልተቆረጠ የላስቲክ ክር የተፈለገውም በከንቱ አይደለም። ቅዳሜ ለሠርግ ለብሶት ሰኞ «አልሆነኝም» ብሎ የሚመልስ ሰው እዚህም ሞልቷል። ስለ ሥልጣኔ የሚነግሩን ወገኖቻችን ይህንን ሲተርኩ ሰምቼ አላውቅም።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ምቾት እያለ ከእኛ መካከል የሚጠቀምበት ጥቂት ነው። አንዲት በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እናት በዘጠኝ ፓውንድ የገዙት የክረምት ካፖርት ቤታቸው ሲደርስ እጅጌው አጠራቸው። ደረሰኙ በቦርሳቸው ነበረ፤ ወረቀቱም አልተቆረጠም። ልጃቸው እንመልሰው ብትላቸው «ለድኻ የተሰጠ ገንዘብ መልሱልኝ ልበል? ምን ይሉኛል?» ብለው እምቢ አሉ። ከሳምንት በኋላ ካፖርቱን አጥፈው፣ ያንኑ ሱቅ በሌላ በኩል፣ ልብስ በሚለግሱበት በር ገብተው ሰጡ። ሱቁ አንዱን ካፖርት ሁለት ጊዜ ሸጠው ማለት ነው። እኝህ እናት ብቻቸውን አይደሉም፤ ከሌላ ሱቅ የገዙትን ልብስ ያለ አንዳች ይሉኝታ የሚመልሱ እንግሊዛውያን ጎረቤቶቼም ለቻሪቲ ሾፕ ሲሆን እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አምስት ፓውንድ ለማስመለስ ከመሰለፍ መልሶ መስጠት ይቀላቸዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ወደ ኢትዮጵያ የተለበሰ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም፣ ሰልባጅ ያልለበሰ የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ልብሱ በአብዛኛው በኮንትሮባንድ በምሥራቁ በር፣ በቶጎ ውጫሌና በጅግጅጋ በኩል ይገባል፤ በቦንዳ ታስሮ ይሸጣል፤ ከዚያ በየመንገዱ ዳር በተዘረጋ ሸራ ላይ ይከመራል። ቦንዳውን የሚገዛው ነጋዴ ውስጡን አያይም፤ ብረቱን ቆርጦ ሲከፍተው ግማሹ ጥሩ ሸሚዝ፣ ግማሹ የተቀደደና ዚፑ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። እሱም ለማን ይመልሰው? ደረሰኝ የለውም፤ የሸጠለት ሰው ነገ በዚያው ቦታ ላይገኝ ይችላል፤ ወደ ሕግ ቢሄድ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ራሱ ነው። ከእሱ በብትን ተረክቦ ሸራ ላይ የሚሸጠው ወጣት በዚያች በጠዋት በያዛት ጥቂት ገንዘብ ሲመሽ እራቱን መብላት አለበት። ትናንት የሸጠውን ጂንስ ዛሬ መልስ ብትለው፣ ገንዘቡ በሌላ ልብስ ላይ ውሏል ወይም ተበልቷል። ነጋዴው «አይመለስም» ሲል ክፋት ይዞት ነው የምንል ሰዎች ሒሳቡን አልሠራነውም።

ስለዚህም የልኩ ጉዳይ ገንዘብ ሳይከፈል በፊት ማለቅ ይኖርበታል። ሻጩ ሸሚዙን ከጃኬትህ ላይ ደርቦ ያለብስሃል፤ ሱሪውን በአንገትህ ላይ ይጠመጥምልሃል፣ ለሁለት የታጠፈው ወገብ አንገትን ከሞላ ልክ ነው በሚለው የቆየ መለኪያ። ከጠበበ «ስትለብሰው ይሰፋል» ይልሃል፤ ከሰፋም «ሲታጠብ ይሰበሰባል»። ከቶ አይሆንም ያልከው እንደሆነ ደግሞ፣ ራቅ ሳትል መኪናውን የዘረጋ ልብስ ሰፊ አለ። ወገቡን አስገብቶ፣ እግሩን አሳጥሮ፣ እጅጌውን ቆርጦ እዚያው ያስረክብሃል። እኔ በለንደን ከሁሉ የሚናፍቀኝ ይህ ሰው ነው። እዚህ በሰባት ፓውንድ የተገዛ ሱሪ እግሩን ለማሳጠር ልብስ ሰፊ ቤት ብትወስደው ከሱሪው ዋጋ በላይ ትጠየቃለህ፤ ስለዚህ ልክ ያልሆነ ልብስ ወይ ይመለሳል ወይ ይጣላል እንጂ አይሰፋም። አዲስ አበባ ላይ ልብሱ ወደ ሰውየው ልክ ይመጣል፤ ለንደን ላይ ሰውየው ልኩን ሲፈልግ ይዞራል።

ይህን ስል በየሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ለመከላከል አይደለም። ደረሰኝ የሚቆርጥ፣ አዲስ ልብስ ከቱርክና ከቻይና አስመጥቶ በሕንፃ ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ባለሱቅ የሸራውን ልጅ ምክንያት መዋስ አይችልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ወረቀት ለጥፎ ይህን መብት መሻር አይቻልም። ችግሩ አዋጁን የሚያውቀው ገዢ ጥቂት መሆኑና፣ የሚያውቀውም ቢሆን ለአንድ ጫማ ብሎ ቢሮ ለቢሮ ለመንከራተት ጊዜ የሌለው መሆኑ ነው።

ደግሞም በአገራችን ልብስ ጨርሶ አይመለስም ማለት ስሕተት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ከዱባይ ወይም ከባንኮክ የመጣ ልብስ በሻንጣ ይዘው የሚያዞሩትን ሴቶች ማስታወስ ይበቃል። «ውሰጂና ቤትሽ ለኪው፤ ካልሆነሽ ነገ ታመጪዋለሽ፤ ብሩን ደመወዝ ስትቀበዪ» ይላሉ። ደረሰኝ የለ፣ የተንጠለጠለ ወረቀት የለ፤ ልብሱ ግን ወጥቶ ይመለሳል፤ ሻጭዋ ገዢዋን በስም፣ በቤቷና በባሏ መሥሪያ ቤት ታውቃታለችና። የለንደኗ በጎ ፈቃደኛ አዛውንቱን ማወቅ ሳያስፈልጋት በክሩና በደረሰኙ የምታገኘውን መተማመኛ፣ የእኛዎቹ በትውውቅ ያገኙታል። ጉዳቱ፣ ትውውቁ የሌለው ሰው፣ ለምሳሌ ከክፍለ ሀገር በዚያው ሳምንት የገባ፣ ከዚህ አሠራር ውጭ መሆኑ ነው። ለንደን ውስጥ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ስደተኛም ደረሰኙን ይዞ እስከመጣ ድረስ ከሌላው እኩል ይስተናገዳል፤ እንግሊዞቹን በእውነት የማመሰግንባቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እኛ በውጭ የምንኖረው በሻንጣ ለዘመድ ስለምንወስደው ልብስም ጥቂት ማለት ይገባኛል፤ አብዛኛው ከዚሁ ከቻሪቲ ሾፕ የተለቀመ መሆኑን እርስ በርስ እንተዋወቃለን። በግምት የተገዛው ጃኬት ለአጎት ይጠባል፤ ጫማው ለእኅት ልጅ ሁለት ቁጥር ያንሳል። የሚቀበለው ሰው «አልሆነኝም» አይልም፤ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ልክ ነው» ይላል፤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶም ይልካል፣ ዚፑ እንዳልተዘጋ እንዳይታይ ጎኑን አዙሮ። ሱቁ የሰጠው የመመለሻ ቀን በዚያ ጊዜ አልፏል፤ ባያልፍም አራት ኪሎ ግራም ጫማ ማን መልሶ ያመጣዋል? ጥቂት ቆይቶ «ልዋጭ!» እያለ በሰፈሩ ለሚያልፈው ሰው ይሰጥና በምትኩ ሁለት የፕላስቲክ ሳፋ ይገኝበታል። እኔ አሁን ከመጓዜ በፊት ደውዬ ወገብና ትከሻ በሴንቲ ሜትር አስለካለሁ፤ በእንግሊዝ ልብስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከአንዱ ፋብሪካ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ በእጄ ሜትር ይዤ መስቀያው ሥር ስለካ የሚያዩኝ በጎ ፈቃደኞች ልብስ ሰፊ ነህ ወይ ብለው ጠይቀውኛል።