እንግዳን ማስመለስ

የውጭ አገር ጎብኚ ለምን ይመለሳል፣ ለምንስ አይመለስም የሚለው ጥያቄ ዛሬ ባለሙያዎችን በስብሰባ አዳራሽ፣ በሻይ ዕረፍትና በውሎ አበል ሲያደክማቸው ይከርማል እንጂ ለቀደሙት ነገሥታቶቻችን ጥያቄም አልነበረም። እንግዳው ከሄደ ላይመለስ ይችላል ብለው ከሰጉ፣ ከመጀመሪያውኑ እንዲሄድ አይፈቅዱለትም ነበር። ከፖርቱጋል ንጉሥ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1487 ተልኮ ከዓመታት መንከራተት በኋላ አገራችን የደረሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ከአፄ እስክንድር ፊት በክብር ቀረበ፤ ኋላም ርስት ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠችው፣ ስንብት ግን ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ1520 ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከመልእክተኞች ጋር ሲመጣ፣ የአገሩን ልጅ የአገሬውን ቋንቋ የሚያውቅ ባለርስትና ባለትዳር ሆኖ አገኘው። ዛሬ የቱሪዝም ሰነዶች "የጎብኚዎችን የቆይታ ጊዜ ማራዘም" የሚሉትን ዓላማ ከዚህ በላይ ያሳካ ሰው አላውቅም።

እንዲሄድ የተፈቀደለት እንግዳ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ በጄምስ ብሩስ አይተነዋል። ይህ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ግሽ ዓባይን ተመልክቶ፣ አገሩ ሲመለስ ያየውን ቢናገር የለንደን ሰዎች፣ በተለይ ስለ ጥሬ ሥጋ ያወራውን ሲሰሙ፣ ቀጣፊ አሉት። አንድ ቁርጥ ቤት አጠገብ ለሁለት ደቂቃ ቆሞ ሊረጋገጥ በሚችል ነገር ሰው ስሙ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። ይሁንና ምስክር ፍለጋ እንኳ ቢሆን ተመልሶ አልመጣም።

እንግዳን አግቶ ማስቀረት ነውር ከሆነ ወዲህ የቀረን መንገድ ማባበል ነው። ለዚህም የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ዛሬም ድረስ ከአፋችን ያልወጣ መፈክር አበጁልን፤ በእንግሊዝኛው "የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ"፣ በአማርኛው ደግሞ "የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ" የሚል። ሐምሌ ላይ ጃንጥላ ሳይዝ የመጣ ፈረንጅ ቢቆጣ የሚገባው ነው፤ እርሱ ያነበበው ፀሐይ የሚለውን ነውና። እኛ ግን በገዛ ቋንቋችን አልዋሸንም፤ ዝናብም ጸጋ ነው።

ከመፈክሩ በኋላ የሚመጣው መስተንግዶ ነው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል። በአማርኛችን "ማስመለስ" የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው የሄደን ሰው እንደገና ማምጣት ሲሆን ሁለተኛው የበሉትን እንደገና ማውጣት ነው። እኛ የመጀመሪያውን አስበን ተነሥተን ብዙ ጊዜ የምንደርሰው ሁለተኛው ላይ ነው። እንግዳው "በቃኝ" ሲል ይሉኝታ ይዞት ነው እንላለን፤ ደግሞ "በቃኝ" ሲል ወጡ አልጣፈጠውም ብለን እንከፋለን፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲለን ጉርሻው ከአፉ ደርሷል።

ይህን የምናገረው ከራሴ ገበታ ተነሥቼ ነው። በ2012 የጥምቀት ሰሞን ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ጡረተኛ መምህር ጎንደር ቤቴ አርፎ ነበር። ባለቤቴ "በሞቴ" እያለች ስትጨምርበት ትርጉሙን ጠየቀኝ፤ ቃል በቃል ብነግረው ማንኪያውን አስቀምጦ፣ ሰው ታሞ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። የለም፣ ካልበላህ ትሞታለች ማለት ነው አልኩት። ዶሮ ወጡን ጨረሰ። ሌሊቱን ግን ያ ሁለተኛው ማስመለስ ደረሰበት፤ ጠዋት ላይ ባለቤቴ ሆድ ማጽጃ ይሆናል ብላ አጥሚት አመጣችለት፣ እርሱንም በሞቴ ብላ።

ሰውየው ግን ቅን ስለ ነበረ ሁሉን በበጎ ይተረጉመው ነበር። ከከተማ ስንወጣ ልጆች መኪናችንን እየተከተሉ "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" ሲሉ እንባ በዓይኑ ሞላ፤ የተወለደው ሃይላንድስ በሚባለው የስኮትላንድ ደጋ ኖሮ፣ ወሬው ከርሱ ቀድሞ የደረሰ መሰለው። ልጆቹ የለመኑት የተጠጣበትን ባዶ የውሃ ላስቲክ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አንዳንድ ትርጉም ሰው ሲመለስ በአውሮፕላን ውስጥ ቢደርሰው ይሻላል።

ጢስ ዓባይን ሊያይ ሲነሣ ግን መዋሸት አልቻልኩም። ውሃው ለኃይል ማመንጫ ከተጠለፈ ወዲህ፣ ይልቁንም ሁለተኛው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በበጋ የሚሄድ ጎብኚ ዓባይን እንጂ ጢሱን ላያገኝ ይችላል። ፏፏቴውን በሙሉ ክብሩ ለማሳየት ከመጽሐፍ መካከል ያኖርኩትን አሮጌ የአንድ ብር ኖት ገልብጬ ሰጠሁት። እንዲህ ያለው ኖትስ ዛሬ ገበያ ላይ የት አለ ቢለኝ፣ እርሱም ሳንቲም ሆኗል አልኩት፤ ውሃው ወደ ተርባይን፣ ብሩ ወደ ሳንቲም ገብቷል።

ስለ ፈረንጅ ዋጋ ብዙ አልናገርም፤ በየቱም አገር ያለ ነገር ነውና። የኛን ልዩ የሚያደርገው ዋጋው አይደለም፤ ሻጩ ከእጥፍ በላይ ካስከፈለ በኋላ እንግዳውን ቤቱ ወስዶ የተረፈውን ትርፍ በምሳ ማብላቱ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ ከውጭ በሚመጣው ወገናችንም ላይ ይደርሳል፤ እርሱ ግን እናቱ እዚህ ስላለች ተማርሮም ቢሆን በየዓመቱ ይመጣል። ፈረንጁ ግን እናት የለውም። ቢያንስ እዚህ።

እኔም እንግዳዬ ሆዱን ይዞ ሲሄድ እንደማይመለስ እርግጠኛ ነበርኩ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ከኮሮና ቀጥሎ ጦርነት፤ ጎብኚው ቀርቶ ነዋሪውም መንገድ ፈራ። በዚህ ሁሉ መካከል ሰውየው በየሦስት ወሩ መልእክት ይልክልኝ ነበር፤ የሚጠይቀኝም ስለ ፋሲል ግንብ ወይም ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክት አልነበረም። "ያቺ ሴትዮ ደኅና ናት?" ይለኛል።

ሴትዮዋ ፒያሳ አጠገብ ከአንድ ጥግ ረከቦት ዘርግታ ጀበና ቡና የምትሸጥ ናት። ሊሄድ ዋዜማ አንድ ስኒ ጠጥቶ 100 ብር ቢሰጣት፣ ቡናው 8 ብር ስለነበር "ዝርዝር የለኝም፣ ነገ ትሰጠኛለህ" አለችው። ነገ ንጋት ላይ እንደሚበር ባስረዳትም "ታዲያ ስትመጣ" ብላ የሚቀጥለውን ስኒ መቅዳት ጀመረች። በአሥር ቀን ቆይታው ያገኘው ሰው ሁሉ ከሚገባው በላይ ሲቀበለው ሰንብቶ፣ የሚገባትን አልቀበልም ያለች ሰው መገናኘቱ ዕረፍት ነሣው። ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ በመጨረሻው ገጽ ላይ 8 ብሎ ጻፈ።

ከስኮትላንድ ሆኖ ቢወተውተኝ እኔው ልከፍልለት ሄድኩ።

"ጋሼ፣ ቡናውን የጠጡት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አይ፣ እንግዳዬ ነው።"

"እንግዲያ ለእርሱ ነው ያበደርኩት።"

ይህን ስጽፍለት መልስ ሳይሰጠኝ ሳምንት ቆየ። መስከረም 2013 የብር ኖቶች ሲቀየሩ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ተጨመረበት፤ ለዚሁ ዕዳ ብሎ በፖስታ አሽጎ ያኖራት 100 ብር በመሳቢያው ውስጥ እንዳለች ሞተችበት።

በ2015 ጥምቀት ተመልሶ መጣ። ሻንጣውን እንኳ ቤት ሳያደርስ ወደዚያች ጥግ ሄድን። ሴትዮዋ ቀና ብላ አይታው "ጠፋህ" አለችው፤ ባለፈው ሳምንት ቀርቶ እንደሆነ ሁሉ። ልክ እንደ ተቀመጠ ስኒ ቀረበለት፤ የአንዱ ዋጋ 15 ብር ደርሶ ነበር፤ የአሮጌውን ዕዳ ግን በአዲሱ ዋጋ ልክፈል ቢላት "የዚያኔው በዚያኔው ነው" ብላ እምቢ አለች። ከባንክ ትኩስ የወጣ የ200 ብር ኖት ዘረጋላት።

ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው፣ አገላበጠችው፣ መለሰችለት።

"ዝርዝር የለኝም።"

እንግዳዬ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ኪሴን ልዳስስ ስል በዓይኑ ከለከለኝና ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፤ በመጨረሻው ገጽ ላይ 8 የሚለውን ሰርዞ 23 ብሎ ጻፈ።