ሁለት ካፒቴን፣ አንድ አካፋ

የተቀጣጠርነው ለአንድ ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት ሆኖም ጨዋታው አልተጀመረም። አንድ ጠላት እንኳ አልሞተም። አንድ በር አልተከፈተም። ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበን «አንተ ምንድን ነህ?» «አንቺስ ምንድን ነሽ?» ስንባባል ሦስት ሰዓት አለፈ። ይሄ ጥያቄ ደግሞ ሲደጋገም ደስ አይልም። ሰው የምር ማሰብ ይጀምራል።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። የሚና ጨዋታ ይባላል። እያንዳንዱ ተጫዋች በምናብ ዓለም ውስጥ የሚኖር አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል። አንዱ መሪ ይሆንና ዓለሙን ይተርካል። «በሩ ተከፈተ፤ ምን ታደርጋለህ?» ይላል። አንተ ያሰኘህን ትናገራለህ። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ባለ 20 ፊት ዳይስ ነው። 1 ከወጣብህ አለቀልህ። 20 ከወጣልህ ከአንተ በላይ ሰው የለም። እኔ ጨዋታውን የምወደው ንግግሬን ሳያቋርጡ የሚሰሙኝ እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። እሱም ተራዬ ሲደርስ።

በመጀመሪያ ግን «ክላስ» መምረጥ አለ። ተዋጊ ነህ? አስማተኛ ነህ? ሌባ ነህ? ከመሃላችን አማርኛ የሚቆረቁረው ጓደኛ አለን። «ክላስ አትበሉ፣ መደብ በሉ» አለ። እሺ አልን። የተሳሳትነው እዚያ ላይ ነው። መደብ የተባለ ነገር ያለ ትግል ተከፋፍሎ አያውቅም።

ድሮ ቀላል ነበር። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ ሲያወጡ መደቡ ሦስት ብቻ ነው፤ ተዋጊ፣ አስማተኛ፣ ካህን። የሚመታ፣ የሚደግም፣ የሚጸልይ። በቃ። ሌባ የመጣው በ1975 ነው። ዓለም ከተፈጠረ በዓመቱ ማለት ነው። እኔን የገረመኝ እስከዚያ የት ቆይቶ ነው የሚለው ነው።

የእኛ መሪ ግን ቀላል ነገር አይሆንለትም። «ስቲምፓንክ ነው የምንጫወተው» አለ። ቃሉን ኬ. ደብሊው. ጄተር የተባለ ደራሲ በ1987 ለሎከስ መጽሔት በላከው ደብዳቤ ላይ በቀልድ መልክ ጣል ያደረገው ነው። ቀልዱ አድጎ ዓለም ሆነ። ነዳጅና ኤሌክትሪክ ባይነግሡ ኖሮስ? ሁሉ ነገር በእንፋሎት ቢሠራስ? ሠረገላው በእንፋሎት፣ የብረት አሽከሩ በእንፋሎት፣ ሰማዩ ላይ የአየር መርከብ። ሰዉ ሁሉ ከቆዳ የተሠራ መነጽር ግንባሩ ላይ ያስራል። ዓይኑ ላይ ያደረገው ግን አይቼ አላውቅም።

እንግዲህ ቁጥር ጣልን። ባለ 6 ፊት ዳይስ ሦስት ይጣልና ይደመራል። ከ3 እስከ 18 የሆነ ቁጥር ይወጣል። ይህ ስድስት ጊዜ ይደገማል፤ ለእያንዳንዱ የገጸ ባሕርይ ችሎታ አንድ። ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ጽናት፣ እውቀት፣ ማስተዋል፣ ግርማ ሞገስ። በእኛ ጠረጴዛ ሕግ የትኛውን ቁጥር ለየትኛው እንደምትሰጥ ምርጫው ያንተ ነው። ከአምስታችን ተጫዋቾች ሦስቱ ትንሿን ቁጥር ለማስተዋል ሰጡ። ማንም ማንንም አላማከረም። እኔ ለማስተዋል አዘንኩለትና ትንሿን፣ 5ን፣ ለጉልበት ሰጠሁ። ትልቁን፣ 17ን፣ ለግርማ ሞገስ።

ወረቀቴ ላይ «መደብ» የሚል መስመር አለ። «ሰላይ» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁ። «ተኳሽ» አልኩ። አጠፋሁ። «ባላባት» አልኩና ራሴው አፈርኩ። አጠፋሁ። አምስተኛው ላይ ላጲሱ ወረቀቱን በሳው። በቀዳዳው የጠረጴዛው ጣውላ ይታያል። መሪያችን ጎንበስ ብሎ አየና «እንጨት ነው የመረጥከው?» አለኝ።

«ካፒቴን ነኝ» አልኩ በንዴት።

ከጠረጴዛው ማዶ አንድ ሰው እርሳሱን አስቀመጠ። «ካፒቴንማ እኔ ነኝ» አለ።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኛዬ አንድ ነገር ልበል። ጥሩ ሰው ነው። አብረን ስንሄድ ግን መንገዱን የሚመርጠው እሱ ነው። ሲጠፋንም መንገድ የሚጠይቀው እኔ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ካፒቴን ሲሆን የት እንደሚያደርሰን አውቃለሁ። እሱም ስለ እኔ የሚለው አያጣም። አለም። አልጽፈውም።

መሪያችን ሊያስታርቀን ፈለገ። «ሄንሪ ጊፋርድን እዩ» አለ። ጊፋርድ ፈረንሳዊ ነው። በ1852 በእንፋሎት ሞተር በሚነዳ የአየር መርከብ ከፓሪስ ተነሥቶ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። ሞተሩ ሦስት የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ከበላዩ በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ የተሞላ ትልቅ ከረጢት፣ ከሥሩ እሳት። ነፋሱን ተጋፍቶ ወደመጣበት መመለስ አልቻለም እንጂ ወርዶ በሰላም ነው የገባው። «ብቻውን ነበር» አለ መሪያችን። «ካፒቴንም እሱ፣ እሳት አንዳጅም እሱ። የተጣላው ሰው የለም።»

«የሚያዘው ሰው ከሌለ ታዲያ ምኑን ካፒቴን ሆነ?» አልን ሁለታችን በአንድ ድምፅ። በዚያ ሌሊት የተስማማንበት ብቸኛ ነገር እሱ ነው። በመጨረሻ የአየር መርከባችን ሁለት ካፒቴን ይኑረው ተባለ።

አማርኛ የሚቆረቁረው ጓደኛችን የፈጠራ ባለሙያ ሆነ። ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም። ይህ ሰው አራት ቋንቋ መማር ጀምሯል፤ ጊታር ጀምሯል፤ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ በገዛ እጁ መሥራት ጀምሮ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ ወለል ላይ ናቸው። በእንፋሎት ዓለም ውስጥ የዚህ መደብ አባት ቻርልስ ባቤጅ ነው። በ1820ዎቹ ሂሳብ የሚያሰላ፣ በማርሽ የሚዞር ትልቅ መኪና ልሥራ ብሎ ተነሣ። የእንግሊዝ መንግሥት 17,000 ፓውንድ ያህል አወጣበት። ባቤጅ እሱን ሳይጨርስ ከእሱ የሚበልጥ ሌላ መኪና አሰበ። የትኛውንም ሳይጨርስ ሞተ። ከማሽኖቹ የአንዱን ንድፍ ይዞ ማስያውን የሠራው የለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ነው፤ በ1991። ሠራም። ሰውየው ልክ ነበር ማለት ነው፤ አልጨረሰም እንጂ። ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «አያችሁ?» አለ፤ የረታ ይመስል።

አሁን ትልቁ ራስ ምታት መጣ፤ አስማት።

ጋሼ የምንላቸው ታላቃችን አሉ። ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ጨዋታው ላይ ደግሞ ከሁላችን ይብሳሉ። የተጫወቱት ሁልጊዜ አስማተኛ ሆነው ነው። «ጋሼ፣ እስኪ ዛሬ እንኳን ሌላ ይሞክሩ» ስንላቸው «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሙያ ልቀይር?» ይላሉ። አስማተኛ ሆኑ። መሪያችን ተጨነቀ። እንፋሎትና አስማት አንድ ቤት ውስጥ ሲገቡ ይጣላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቱን ጠቅ አድርጎ እሳት የሚያወጣ ሰው ባለበት አገር ማን ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ቦይለር ይሠራል? በአንድ ቃል መብረር ከተቻለ መርከቡ ለምኑ ነው? አስማቱን ብታሳንሰው አስማተኛው ያኮርፋል፤ ብታበዛው መካኒኩ ሥራ ይፈታል። ይህን ዓለም የሚያበጁ ሰዎች ሁሉ የሚላተሙባት ድንጋይ ይቺ ናት።

የፈጠራ ባለሙያው መፍትሔ አገኘ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,600 ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ የሚያስፈልገን ሙቀት ብቻ ነው። ታዲያ ጋሼን ቦይለሩ ሥር ለምን አናስቀምጣቸውም? እሳቱን እሳቸው ያወጣሉ። ከሰልም አያስፈልግም፤ ጭስም የለም።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው ጠረጉት። መልሰው አደረጉት።

«እኔ» አሉ፤ «አርባ ዓመት ግንብ ውስጥ ተዘግቼ የጥንት ድግምት ተምሬ፣ እናንተ ማገዶ ልታደርጉኝ?»

ምናብ መሆኑን ረስተን ይቅርታ ጠየቅን። ከመቀመጫችንም ተነሣን።

እንግዲህ መርከባችን ተሟላ። ሁለት ካፒቴን፤ አንድ የፈጠራ ባለሙያ፤ አንድ የተከበሩ አስማተኛ። መሪያችን ወረቀቶቹን ሰበሰበና ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ጠየቀ።

«ከሰሉን የሚጨምረው ማን ነው?»

ዝም አልን። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሌላኛው ካፒቴን እኔን አየኝ።

ጥያቄው ትክክል ነበር። ታይታኒክ ላይ 29 ቦይለሮች ነበሩ። ምድጃዎቹ 159። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው በአካፋ የሚጎርሱ። ካፒቴን ስሚዝን ዓለም ያውቀዋል። ምድጃ ያጎርሱ ከነበሩት የአንዱን ስም የሚያውቅ እስኪ እጁን ያውጣ። እኔም አላወጣሁም።

ስድስተኛዋ ጓደኛችን እስከዚያ ሰዓት አልተናገረችም። ቁጥሯን ጥላ፣ ጽፋ፣ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። «እኔ እሆናለሁ» አለች። መሪያችን ዝርዝሩን ገለበጠ። እሳት አንዳጅ የሚባል መደብ የለም። ሰላይ አለ፤ ተኳሽ አለ፤ ባላባት አለ፤ በብረት ክንፍ የሚበር ባለ ዋሽንት እንኳ አለ። መርከቡን የሚያስነሣው ሰው ግን የለም። ከታች በእርሳስ ጨመረላት። ገጸ ባሕርይ እየበረታ ሲሄድ ደረጃ ይወጣል፤ ሲወጣም አዲስ ነገር ያገኛል።

«አንደኛ ደረጃ ላይ ምን አገኛለሁ?» አለች።

«አካፋ።»

«አምስተኛ ደረጃ ላይስ?»

ትንሽ አሰበ። «ትልቅ አካፋ።»

«እሺ» አለችና ጻፈች። ማስተዋሏን አጮልቄ አየሁት። 16 ነው።

ጨዋታው አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። መርከባችን ተነሣ። ጥሩ ነበር ለማለት ያህል፣ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በጣም ጥሩ ነበሩ። እኔ «ወደ ሰሜን!» አልኩ። ሌላኛው ካፒቴን «ወደ ደቡብ!» አለ። ጋሼ ደመናውን አመሰገኑ። የፈጠራ ባለሙያው የመርከቡን መዘውር ፈቶ የተሻለ ሊሠራ ጀመረ። ከዚያ መሪያችን ወደ እሷ ዞሮ «አንቺስ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት።

«ፈረቃዬ አልቋል» አለች። «ልተኛ ነው።»

«ከዚያ?»

«ከዚያማ ተኛሁ።»

የግፊት መለኪያው መውረድ ጀመረ። መሪያችን ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያስፈራል። «ቀጣዩ ፈረቃ የማን ነው?» አለ። ሌላኛው ካፒቴን «የእሱ» አለ። እኔም «የእሱ» አልኩ። ጋሼን ማንም ደፍሮ አላየም። የፈጠራ ባለሙያው ራሱ ከሰል የሚጨምር መኪና እየሠራ ነበር፤ ግማሽ ደርሷል። መርከቡ አፍንጫውን ወደ ታች ደፋ።

አካፋ ለማንሣት ጉልበት ያስፈልጋል። የእኔ 5 ነው። የሌላኛው ካፒቴን 6። ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አየሁ፤ ቀዳዳውንም አየሁ።

«በግርማ ሞገሴ መጠቀም እችላለሁ?» አልኩ።

«በማን ላይ?»

«በከሰሉ ላይ።»

መሪያችን ግንባሩን በእጁ ያዘ። «ጣል» አለኝ።

ዳይሱን በሁለት እጄ አፍኜ አሽቼ ወረወርኩት። ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ጋሼ ወረቀት ላይ ወጥቶ ቆመ። 20።

ሁላችንም ጮኽን። ሌላኛው ካፒቴን ሳይቀር አቀፈኝ። መሪያችን ጩኸቱ እስኪበርድ ጠበቀ።

«ከሰሉ» አለ፤ «በንግግርህ ልቡ ተነክቷል። እንዲህ አድርጎ ያናገረው ካፒቴን እስከ ዛሬ የለም። ግን አልተነሣም።»