ታብሌቱ ከመገዛቱ በፊት ቁልፉ ማን ጋር ይሁን?

ስለ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ቴክኖሎጂ የምንሰማው ዜና አብዛኛውን ጊዜ ርክክብ ላይ ያበቃል። ይህን ያህል ታብሌት ተገዛ፣ ተከፋፈለ፣ ፎቶ ተነሣ። ፔሩ በዚህ መንገድ ርቃ ሄዳለች፤ ለተማሪዎቿ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች አድላለች። በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች የተካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ግን ልጆቹ ላፕቶፑን መጠቀም ከመልመዳቸው በቀር በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ውጤታቸው አልተሻሻለም። ከእነዚህ ትምህርቶች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሶፍትዌር አልነበረም፤ መምህሩም የትኛውን ምዕራፍ በየትኛው መልመጃ እንደሚያስተምር የሚነግረው መመሪያ አልነበረውም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ከማደል፣ ከክፍል ክፍል የሚዞር 40 ታብሌትና አንድ የውስጥ ሰርቨር (ትምህርቱን ይዞ በግቢው ውስጥ ለታብሌቶቹ የሚያደርስ ኮምፒውተር) ይሻላል ባይ ነኝ። ስሌቱ ቀላል ነው። 40 ተማሪ በአንድ ጊዜ ከኢንተርኔት ቪዲዮ ሲከፍት ለአንዱ 1.5 ሜጋቢት በሰከንድ ብንይዝ እንኳ በድምሩ 60 ይሆናል። የትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር 10 ከሆነ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው ሩብ ሜጋቢት ነው፤ ቪዲዮው ይቆራረጣል፣ ክፍሉ ይንጫጫል፣ መምህሩ ወደ ጠመኔው ይመለሳል። ደግሞም አይፈረድበትም! ኮሊብሪ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ቪዲዮውንና መልመጃውን ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ ያደርሳል። ዋይፋዩ ግን የቤት ራውተር አይሁን፤ ብዙ ተማሪ አንድ ላይ ሲገባ ይጨናነቃልና ለክፍል የሚሆን አክሰስ ፖይንት፣ ማለትም ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግድ የዋይፋይ ማሠራጫ፣ ያስፈልጋል።

የመብራት ፍጆታው የሚፈራውን ያህል አይደለም። አንድን ታብሌት ሞልቶ ለመሙላት 25 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ለ40ው 1 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑ ነው። የሚያቃጥለው አንዱን የመብራት ማከፋፈያ በሌላው ላይ መሰካትና አየር በማያስገባ ቁም ሣጥን ውስጥ ቻርጅ ማድረግ ነው፤ ሙቀቱ ባትሪውን ያሳብጣል። ለረጅም እረፍት ሲቀመጡም ባትሪው ግማሽ ላይ ይሁን። ባዶውን የከረመ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ ማደሉና የረሱትን የይለፍ ቃል ማፈላለጉ 10 ደቂቃ ይበላል። ከ1 እስከ 40 ቁጥር ይለጠፍባቸው፤ ተማሪው በስም መጥሪያው ተራ ቁጥሩ የራሱን ያንሣ። ጊዜው በግማሽ ያንሳል።

ከሁሉ የከፋው ታብሌቶቹ የሚቀመጡበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ጉዳይ ነው። መምህሩ ፈርሞ ተረክቦ፣ ስክሪን በተሰነጠቀ ቁጥር ከደመወዙ የሚቆረጥበት ከሆነ ቁም ሣጥኑ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ቢከርም አይግረመን። ልጅ የሚነካው ዕቃ ይሰበራል። ለ40 ታብሌት ቢያንስ 4 መጠባበቂያ አብሮ ይገዛ፤ የጥገና በጀት ከግዥው ጋር ይያዝ፤ በጥንቃቄ ጉድለት ያልደረሰ ብልሽት መምህሩን እንደማያስጠይቅም ርክክቡ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።