ለክቡር ሞንታርቦ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ መስከረም 2
ጉዳዩ፦ መልአክና ሰይጣን በጋራ ባዘጋጁት የሰፈር ድግስ ላይ ስላሳዩት ጠባይ አቤቱታ ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

በደብዳቤ ወግ አስቀድሞ ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን የእርስዎን ጤንነት ከጳጉሜን 5 ቀን ምሽት 1 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በገዛ ጆሮዬ፣ በደረቴና በመስኮቴ መስታወት ጭምር ስላረጋገጥሁ፣ ሰላምታውን ዘልዬ ወደ ጉዳዬ ብገባ እንደ ነውር እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስምዎ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም መሆኑን አውቃለሁ፤ ፋብሪካው ግን ከዚህ ጉዳይ ንጹሕ ነው። የዱቄት ሳሙናን ሁሉ ኦሞ እንደምንል ሁሉ፣ የሚጮኽ ሣጥን ባየን ቁጥር ሞንታርቦ ማለት የለመድነው እኛው ነን።

ነገሩን ከሥሩ ልተርከው። በብሎካችን መልአክና ሰይጣን በጉርብትና ይኖራሉ። መልአኩ በዕጣ የደረሰው 4ኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር ስለሌለ፣ ውሃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ ክንፉ ከደረጃው ብረት ጋር እየተጋጨ ላባው እስከ 2ኛ ፎቅ ይበተናል። ሰይጣኑ ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ አመድ መድፊያው ቅርቡ በመሆኑ ደስተኛ ነው፤ ቅር የሚሰኘው በምሽት የፈላ ውሃ ሳያስጠነቅቅ በሚደፋ ሰው ላይ ብቻ ነው። ከእግዚአብሔር ይስጥልኝ ያለፈ ነገር ያልነበራቸው እነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች የዘመን መለወጫን ዋዜማ ለሰፈሩ በጋራ እንደግሳለን ብለው ሲመጡ፣ የእድራችን ሰብሳቢ «ከዚህ በላይ ምን እርቅ አለ» ብለው ድንኳኑን በነጻ ፈቀዱ። እኔ ብቻ ክርስቶስ ሠምራን አስታወስሁ፤ ሰይጣንን ከፈጣሪው ላስታርቅ ብላ ሲኦል ደጃፍ ድረስ ብትሄድ ይዞ ወደ ውስጥ እንደ ጎተታትና ቅዱስ ሚካኤል ደርሶ እንዳስጣላት ገድሏ ይተርካል። «ይህ የማስታረቅ ነገር በጥንቃቄ ይሁን» ብል «አንተ ደግሞ ምን አሟረተህ» ተባልሁ።

አጀማመሩ መልካም እንደ ነበር አልክድም። ከየቤቱ 300 ብር ተዋጣ፣ በግ ተገዛ፣ መልአኩ ቀጤማውን ጎዝጉዞ ድፎ ዳቦውን ባረከ። ወጡን የያዘው ሰይጣኑ ነበር፤ የእሳት ነገር ስለሚያውቅበት ማንም አልተቃወመም። የዶሮው ብልት 12 መሆን ሲገባው 13 ሆኖ ቢቆጠርም፣ ጣፋጭ ስለ ነበር የ13ኛውን ምንጭ የጠየቀ የለም።

እርስዎ በአይሱዙ ተጭነው የደረሱት በዚህ መሃል ነው። የተከራየዎት ሰይጣኑ እንደሚሆን ሁላችንም ገምተን ነበር፤ ደረሰኙን ሳይ ግን ፊርማው የመልአኩ ሆኖ አገኘሁት። «መልካም ቃል ለምን ድንኳን ውስጥ ይቀራል፣ ማዶ ያሉት ብሎኮችም ይስሙት» ብሎ ነው አሉ። ሰይጣኑ ይህን ሲሰማ «እኔን ሊያሳንሰኝ ነው» አለና በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንትያዎን አስመጣ። ከዚያ በኋላ መልአኩ መዝሙር ሲከፍት ሰይጣኑ ጭፈራ ይከፍታል፣ ሰይጣኑ ሲጨምር መልአኩም ይጨምራል። ይህን ሁሉ ፉክክር አስገራሚ የሚያደርገው፣ እኩል የሚጮኹ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ሲደመሩ የሚገኘው ጭማሪ በድምፅ መለኪያው 3 ዴሲቤል ብቻ መሆኑ ነው። ሰማይና ሲኦል ተፎካክረው፣ ሁለት ኪራይ ከፍለው፣ ሰፈሩን ለሁለት ከፍለው ያተረፉት ይህችኑ 3 ነው።

ምርቃቱ እንኳ አልተረፈም። የሰፈሩ አዛውንት ሊመርቁ ተነሥተው ማይኩን ሲይዙ በእርስዎ ፊት አቆሟቸው፤ የእርስዎ ድምፅ ተመልሶ በማይኩ እየገባ፣ እንደገና በእርስዎ እየወጣ፣ እንደ በረሃ እባብ የሚያፏጭ ነገር ሆነ። ሰው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እያየ «አሜን» ይል ጀመር። እሳቸው ጨርሰው ሲቀመጡ ሰይጣኑ ማይኩን ተቀብሎ ወጪውን ያልከፈሉ ሰዎችን ስም አነበበ፤ ሕዝቡም ሳያውቅ በእያንዳንዱ ስም ላይ «አሜን» አለ። ሦስተኛው ስም የእኔ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ በዚህ ጊዜ ቤቴ ገብቼ ነበር። ከቁም ሣጥኑ ላይ ስድስት የሻይ ብርጭቆዎች አሉኝ፤ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ አንደኛው በእርስዎ ምት ልክ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥፍር በምታህል እርምጃ ወደ ጠርዙ ሲጓዝ ተመለከትሁት። ተነሥቼ ወደ ኋላ ብመልሰው እንደገና ጉዞውን ጀመረ። ለአራተኛ ጊዜ ስነሣ ብርጭቆው መሬት ላይ ጠበቀኝ።

ሕጉን የማላውቅ እንዳይመስልዎ ላስታውስዎ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለድምፅ የሚፈቀድ ከፍተኛ ልክ እንዲወጣ ያዛል፤ የወጣውም ልክ ለመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ 45 ዴሲቤል ነው። እርስዎ በ1 ሜትር ርቀት 100 ዴሲቤል ይጮኻሉ ብንል፣ በገላጣ ሜዳ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ስለሚቀንስ፣ የሌሊቱን ልክ ለማክበር ከ500 ሜትር በላይ ሊርቁኝ ይገባል። ከአልጋዬ የነበሩት በ20 ሜትር ነው። የብሎኬቱ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅዎን በመጠኑ ቢያስቀረውም ወፍራሙን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ እኔ ዘንድ የደረሰው መዝሙርም ጭፈራም ሳይሆን አንድ ዓይነት ድው ድው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሌሊት ካዘንሁበት ነገር ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ የትኛው ድው የመልአኩ፣ የትኛው ድው የሰይጣኑ እንደሆነ እስከ መጨረሻው ባዳምጥ መለየት አልቻልሁም።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ሁለታችሁም ከደረጃው መብራት በተጠለፈ አንድ ገመድ ላይ ተሰክታችሁ ስለነበር፣ ገመዱ ቀለጠና ብሎኩ በሙሉ ጨለመ። ሰይጣኑ «በዚህስ የለሁበትም» ብሎ ማለ፤ በማን እንደማለ አልሰማሁም። መልአኩ ጧፍ ለኮሰ። በድንኳኑ ላይ ዝናብ ሲያካፋ እንደ ቆየ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ከ2ኛ ፎቅ አንዲት እናት አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ ሳያደርጉ፣ «ልጆች፣ በላችሁ?» ሲሉ እስከ 4ኛ ፎቅ ተሰማ። ከጨለማው ውስጥ «በላን እማማ» አሉ ብዙ ሰዎች። መልአኩ በባዶ አፉ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲል ከሁሉ ቀድሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ያለው ሰይጣኑ ነበር። ይህ ለ11 ደቂቃ ያህል ቆየ። ከዚያ ከመሃል አንድ ሰው፣ መልአክም ሰይጣንም ያልሆነ እንደ እኔ ያለ ተራ ነዋሪ፣ «የአጎቴ ልጅ ጄኔሬተር አለው» አለ።

የቀረውን እርስዎ ያውቁታል።

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰብስቦ ሁለቱን ደጋሾች ጠየቀ። መልአኩ ጥፋቱ የሰይጣኑ ነው አለ። ሰይጣኑም «እኔ ሰውን በፈቃዱ አሳስተዋለሁ እንጂ ያለ ፈቃዱ አላነቃሁም፤ ሥራዬን አታስነቅፉኝ» ብሎ ተከራከረ፤ ክርክሩ በዚያ ላይ ቆሞ እስከ ምሳ ሰዓት ሲጓተት፣ የእርስዎን ስም ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ይልቁንም ሁለቱም ለመስከረም 16 ደመራ ለየብቻቸው ቀብድ እንደ ከፈሉ ከስብሰባው ስንወጣ ሰማሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ አይምጡ አልልም፤ ቀብዱ ተከፍሏል። የምለምነው፣ በመጡ ጊዜ ፊትዎን ወደ ተከራዩዎት ሰዎች እንዲያዞሩና በተለይም ወደ መልአኩ መኝታ ቤትና ወደ ሰይጣኑ በር ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ነው፤ የአንዱን ብርጭቆ ዋጋ 5 ቀን ውስጥ ቢልኩልኝም አልጠላም።

ከአክብሮት ጋር፣
የ3ኛ ፎቅ ነዋሪ

ግልባጭ፦ ለመልአኩ፣ ለሰይጣኑ፣ ለአጎቱ ልጅ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ካለዎት እባክዎ በጽሑፍ ብቻ ይሁን።